ለቅሶ ቤት የገባው ኢንስፔክሽን

ቤት ገዝታችሁ ልታከራዩ የምታስቡ ሰዎች አንዳንዴ ትደውሉልኛላችሁ። ስልኬን ማን እንደሚሰጣችሁ አላውቅም። «እትዬ ሰብለ፣ ሰብሲዲ ያለው፣ መንግሥት ኪራዩን የሚደጉምለት ተከራይ ማስገባት ያዋጣል? ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥቅሙን እነግራችኋለሁ፣ ጉዳቱንም እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ የሚቀር ነገር አለ፣ እሱን በስልክ ማውራት አልችልም። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የፈለገ ያንብበው፣ ያልፈለገ ይለፈው።

ነገሩ የሆነው የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ ዘይት በሰከረችበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሱቆቹ ሠራተኛ እያጡ በጊዜ ይዘጉ ነበር። ከየፕሮቪንሱ የሚጎርፈው ጎረምሳ በገባበት ቀን ሥራ ያገኛል፣ ቤት ግን አያገኝም። ሰው ሶፋ ይከራይ ነበር። ጋራዥ ይከራይ ነበር። ፒክአፑ ውስጥ እያደረ፣ ጂም ገብቶ ሻወር እየወሰደ ቢሮ የሚገባ ኢንጂነር በዓይኔ አይቻለሁ። ቤት ያለው ሰው ንጉሥ ሆነ፣ እኛም ሳናስበው ከነገሥታቱ ተቆጠርን።

«እኛ» የምለው እኔንና ግርማን ነው። እኔ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ባለቤቴ ሰሜን፣ ፎርት ማክመሪ የዘይት ካምፕ ይሠራ ስለነበር እንደ እንግዳ ነበር የማየው። ግርማ ደግሞ አበልጄ ነው፣ ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። አፉ ማር ነው፣ እጁም አይሰስትም። የታመመ ሲጠይቅ፣ እንግዳ ከኤርፖርት ሲያመጣ፣ ዕቃ ሲያጓጉዝ የሚውል ሰው ነበር፤ «እንደ ግርማ ያለ ሰው ስጠኝ» ብሎ የሚጸልይ ሁሉ ነበር። ዋጋው ሰማይ ሳይነካ አቢዴል ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ከነቤዝመንቱ፣ ከነምድር ቤቱ፣ በጋራ ገዛን። የሁለታችንም ስም ታይትሉ፣ የባለቤትነት ማስረጃው ላይ አለ። ከቢሮ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ሁሉ እሱ ይዞ ነበር፤ እኔ መሪ ይዤ ስልክ ማንሳት ስለማልችል የሚደወለው ለእሱ ነው።

የመጀመሪያው ተከራያችን ሬድስቶን ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ ሲወጣ እኔና ግርማ ባዶው ኪችን ውስጥ ቆመን ተከራከርን።

«መሠረት የምትባል ልጅ አለች» አልኩት። «ባሏ ጥሏት ቶሮንቶ ገብቷል። ሁለት ልጆቿን ይዛ የሰው ቤዝመንት ውስጥ ተጠግታ ነው ያለችው። ሰንሪጅ ሬስቶራንት ኪችን ትሠራለች። ወረፋ ጠብቃ ጠብቃ ሰብሲዲው ወጥቶላት የሚቀበላት ላንድሎርድ አጣች።»

«ለምን ያጣች ይመስልሻል?»

«ንገረኛ።»

«ማን እብድ ይቀበላታል፣ አበልጄ? ኪራይ እንዳሻሽ አትጨምሪም። በየዓመቱ መጥተው ቧንቧው አንጠባጠበ፣ አላርሙ አልጮኸም እያሉ ያስለቅሱሻል። ስሙ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ላይ የሌለ ሰው ሲያድር ከተገኘ ጣጣ ነው። ደግሞ የኛው ሰው ናት፣ ነገ ውጪ ብትያት ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይነሳብሻል። የሪግ ልጆች፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞቹ፣ ግን በአልጋ እየቆጠሩ ይከፍሉሻል፣ ደስ ካላለሽ ታስወጪያቸዋለሽ።»

«የሪጉ ልጅ ዘይቱ የቀዘቀዘ ዕለት ቁልፉን በር ስር ወርውሮ ነው የሚጠፋው» አልኩት። «የሷ ድጎማ ከመንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት በቀጥታ ወር በገባ ቁጥር ይገባል። ብትታመም ይገባል፣ ሺፍት ቢቀነስባት ይገባል። ልጆች ያላት ሴት ደግሞ ቤት ትይዛለች። ቢራ ጠጥቶ ግድግዳ የሚቦድስ የለም።»

ሳቀ። «ዘይቱ አይቀዘቅዝም።»

ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚለው። ብቻ ጨቅጭቄ አሳመንኩት። «እሺ፣ ለአንድ ዓመት» አለ፣ ፊቱ እንደ ሬት ሆኖ።

ዓመቱ ምን የመሰለ ዓመት ነበር! መሠረት ቤቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ያዘችው። ከኋላ ያለውን ሣር ራሷ ታጭዳለች። ልጆቿ ግድግዳ ላይ እርሳስ አላሳረፉም። አንድ ቀን ፈርነሱን፣ የቤቱን ማሞቂያ፣ ለጠጋኝ ለማሳየት ስሄድ የትንሹ ልጅ መኝታ በር ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። «የራሱ በር ሲኖረው የመጀመሪያው ነው፣ እትዬ ሰብለ» አለችኝ። «ማታ ማታ እየዘጋ እየከፈተ ያስቸግረኛል።» አንጀቴን በላችው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ኪራይ እጥፍ ሆነ፣ ግርማም ሰላም አጣ። ታክሲው ውስጥ የሚጭናቸው የሪግ ሠራተኞች ሁሉ «ክፍል አለህ?» ይሉታል። በደወለልኝ ቁጥር ወሬው ይኸው ነው። «እናስወጣትና…» ሲለኝ «ምን አጥፍታ?» እለዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግልጽ ነበር፤ ዓመታዊውን ኢንስፔክሽን፣ የቤቱን ፍተሻ፣ ካለፈች ሊዙ በራሱ ይታደሳል፣ እኛም በውሉ እንታሰራለን። ካላለፈች ወይ ሊዟን ከጣሰች ድጎማው ይቆማል። ድጎማው ከቆመ መሠረት በራሷ ደሞዝ እንኳን ቤት፣ ያን ጊዜ ካልጋሪ ውስጥ አንድ ክፍልም አትከራይም። ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ግርማም ያውቃል። ኢንስፔክሽኑ ለሰኞ ተቀጥሮ ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ ጋሼ ወልዴ ደወሉልኝ። ጋሼ ወልዴ የመሠረት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ለቅሶ ላይ ግን ማን ይለያል።

«ሰብለ ልጄ፣ የመሠረት እናት ሻሸመኔ አርፈዋል» አሉኝ። «ትናንት ነው። እሷ አልሰማችም። ወንድሟ ለኛ ነው የደወለው።»

«እንዴት ልታደርጉ ነው?»

«ዛሬና ነገ ሥራ ላይ ናት፣ ብቻዋን ሆና ብትሰማ ምን ትሆናለች? ቅዳሜ በጠዋት ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን። ቤቱ የእናንተ ስለሆነ እንድታውቂው ብዬ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል።»

«የእናንተ አይበሉ፣ የሷ ቤት ነው» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ግን ሰኞ ትዝ አለኝ። ወዲያው ለግርማ ደወልኩ።

«ለመሥሪያ ቤቱ ደውልና ኢንስፔክሽኑን አስለውጥ። ለቅሶ ቤት ሆኖ እንዴት ይፈተሻል?»

«ነፍስ ይማር። አይ ሚስኪን» አለ። ድምፁ በእውነት አዘነ። «አሁኑኑ እደውላለሁ።»

አርብ ማታ ሺፍቴን ጨርሼ ጠየቅኩት። «ደወልክ?»

«አልቋል፣ አታስቢ። አንቺ ለቅሶሽን ድረሺ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆምን። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን አቅልጦት ስለነበር ጫማችን ሁሉ ጭቃ ነው። ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ግርማ ከሁሉም ቀድሞ ቫን ተውሶ መጥቶ ነበር፣ ከራሱ ቤት ፍራሽ ጭኖ። ጋሼ ወልዴ ደወሉን ተጫኑ።

መሠረት የሥራ ሸሚዟን ለብሳ ከፈተች፤ የቁርስ ሺፍት ነበራት። ጋሼ ወልዴን አየች፣ ከዚያ ከኋላቸው ያለነውን አንድ በአንድ አየችን። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ቆሞ ሲገኝ የኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ማን ነው?» አለች።

«እንግባ ልጄ፣ ገብተን እንጸልይ።»

«ጋሼ፣ ማን ነው? እማዬ ናት?»

ጋሼ ወልዴ አንገታቸውን ደፉ። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ጩኸት እጠብቅ ነበር፣ አልጮኸችም። «መቼ?» አለች። «ረቡዕ» አሏት። «ሐሙስም አርብም ስስቅ ዋልኩ እኮ» አለች። «ኪችን ውስጥ ዘፈን ከፍተው አብሬያቸው ስጫወት ነበር። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ስስቅ! ምነው ጋሼ፣ ምነው?» ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶው የመጣው። ስንቱን መርዶ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የቆረጠኝ የለም።

ሶፋውን ወደ ጋራዥ አወጣነው። ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጠፈበት። ልጆቿን አንዲት የቤተ ክርስቲያኗ ሴት ወሰደቻቸው። ከኤድመንተን የመጡ ዘመዶቿ ሻንጣቸውን ይዘው ቤዝመንት ገቡ። መግቢያው ላይ የጫማው ክምር መራመጃ አሳጣ። ግርማ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ሆነ። ውሃ በካርቶን ያመጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ያጓጉዛል፣ ፍራሽ ያልደረሰውን «እዚህ ጋ ጋደም በል፣ ሌሊት አትሂድ፣ የቀለጠው መልሶ በረዶ ይሆናል» እያለ ያስተኛል። ለመሄድ የተነሳውን ሁሉ አስቀረው። ጋሼ ወልዴ እሑድ ማታ እጁን ይዘው «ልጆችህን ያሳድግልህ» አሉት። እኔም ኮራሁ። የኔ አበልጅ ነው ብዬ።

ሰኞ ጠዋት የግድ አውቶቡሴን ማውጣት ነበረብኝ። ስፕሊት ሺፍት ነው፤ የጠዋቱን ግርግር ነድቼ ረፋዱ ላይ ነፃ እሆናለሁ። ስወጣ መሠረት ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ሴቶቹ አጥሚት ሊያስቀምሷት ይለምኗታል። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ እንባዋ ግን ገና መንገዱን ያገኘ ይመስል ነበር፣ ስለ እናቷ ማውራት ጀምራ ነበር። «እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ…» እያለች። ሀዘን ከዚህ ሲደርስ ጥሩ ነው፣ ሰው ይድናል።

ስመለስ በሩ ላይ አንዲት የማላውቃት ነጭ መኪና ቆማለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ ፀጉሯን ያሰረች፣ ማህደር የያዘች ፈረንጅ ከጫማው ክምር አጠገብ ቆማ ከግርማ ጋር ታወራለች። ቤዝመንቱን አይታ መውጣቷ ነው። ኢንስፔክተሯ ነበረች። 

«እነዚህ ሰዎች ሁሉ እነማን ናቸው?» ትለዋለች በእንግሊዝኛ። «ታች የተኙ ወንዶች አሉ። ሻንጣዎች አሉ። ፍራሽ በየቦታው ነው።»

ግርማ ትከሻውን ከፍ አደረገ። «እኔም እንዳንቺ ነው የደነገጥኩት። አላውቃቸውም።»

«እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ለኔ የነገረችኝ ነገር የለም። አሁን ከተማው ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አልጋ በአልጋ የሚያከራይ ሰው በዝቷል።»

ይኼን ሲል ከአጠገቡ ያለው ፍራሽ ላይ የተነጠፈው የራሱ ሴት ልጅ አንሶላ ነው፣ ሮዝ፣ ቢራቢሮ ያለበት። ልጅቷ አንድ ቀን ሳሎኔ ውስጥ ለብሳው ተኝታ ነበር።  

«ይቅርታ» አልኩ መሐላቸው ገብቼ። «እኔም ባለቤት ነኝ። ለቅሶ ነው። እናቷ ሞታባት ነው። ሰው ሊያጽናናት መጥቶ ነው፣ በባህላችን ሦስት ቀን ይቀመጣል። ዛሬ ይበተናል።»

ኢንስፔክተሯ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይኼን ልመስክርላት። ፊቷ ተለወጠ። «አዝናለሁ» አለች። «መቼ ሞቱ?»

«ባለፈው ረቡዕ።»

«እሷ የሰማችው?»

«ቅዳሜ።»

«ረቡዕ ሞተው ቅዳሜ?» ቅንድቧን ሰበሰበች። «እናንተ መቼ ሰማችሁ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ሰምታችሁ አልነገራችኋትም?»

እንግዲህ ይኼን እንዴት ብላችሁ ታስረዳላችሁ? ጋሼ ወልዴ ከሳሎን ወጥተው መጥተው ነበር፤ እሳቸውም እኔም ተጋግዘን ለመናገር ሞከርን። ድንገት እንዳይሰበር ነው፣ ሰው መሐል ሆኖ እንዲሰማ ነው፣ አልናት። በተናገርን ቁጥር ውሸት እየመሰለ ሄደ። ለፍቅር ብለን የደበቅነው ነገር በሷ ጆሮ ከደባቂዎች አፍ የሚወጣ ወሬ ሆነ።

«ቀጠሮው እንዲለወጥ ግን ማንም አልደወለም» አለች። «ብትደውሉ እኮ በደስታ እንለውጠው ነበር።»

ወደ ግርማ ዞርኩ። በአማርኛ «አልደወልክም?» አልኩት።

«ረሳሁት» አለ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ፊቴ ላይ እያየኝ።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። «አንደኛው ባለቤት አላውቃቸውም ይላል፣ አንደኛዋ ለቅሶ ነው ትላለች። እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምጽፈው» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባላየሁ። ከሳሎን መሠረት ተነሳች። «ኢንስፔክሽን» የምትለዋን ቃል ሰምታ ነው። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት በሦስተኛው ቀን እንደዚያ ትነሳለች ብዬ አላስብም ነበር። ባኞ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። ስትወጣ ፀጉሯን በእጇ እያበጠረች ነበር።

«ተነሱ» አለች ለለቀስተኛው። «እባካችሁ ተነሱ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሂዱ።»

«ልጄ፣ ተቀመጪ፣ እኛ እናስረዳታለን» አሏት ጋሼ ወልዴ።

«አይ ጋሼ። ይሂዱ። እባክዎ ይንገሩልኝ፣ ይሂዱ።»

አሮጊቶች እንደተቀመጡበት ፍራሹን እየጎተተች ከሥራቸው አወጣችው። ጠቅልላ ጠቅልላ ወደ ጋራዥ ወረወረችው። አንዷ ሴትዮ «ነውር ነው፣ ሀዘንተኛ አትነሳም» እያለች ክንዷን ስትይዛት መነጨቀቻት። ቤዝመንት ወርዳ ወንዶቹን ቀሰቀሰች። ሰው ጫማውን ከክምሩ ውስጥ እየፈለገ፣ የግራ የሰው የቀኝ የራሱን እያጠለቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ በጭቃው ላይ ተበተነ። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ ምን ልርዳት?

ከዚያ ስቶቩን መወልወል ያዘች። ኢንስፔክተሯ «እባክሽ፣ አያስፈልግም» ብትላትም አትሰማም። ወልውላ ስትጨርስ በየመኝታ ቤቱ ይዛት ዞረች። «ይኼ የኔ። ይኼ የልጄ። ይኼ የትንሹ፣ ስሙ በሩ ላይ አለ። ሌላ ሰው የለም» እያለች። እና ታውቃላችሁ ምን አደረገች? ፈገግ አለች። ለኢንስፔክተር ፈገግ ይባላል አይደል፣ ትሁት ሆኖ መታየት አለ አይደል፣ ያንን ፈገግታ ከየት አባቷ እንዳመጣችው አላውቅም፣ አምጥታ ፊቷ ላይ ለጠፈችው።

ሴትዮዋን እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። በሩን ከፍታ ቆም አለችና፣ በክፋት አይደለም፣ እውነት ግራ ገብቷት «እናቷ በቅርብ የሞተችባት ሰው አትመስልም» አለችኝ።  ሄደች።

ግርማ ቫኑ ውስጥ ፍራሹን እየጫነ ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

«ምን አልኩ? ግማሾቹን እውነት አላውቃቸውም።»

«አንተ አይደለህም አትሂዱ እያልክ ያስተኛሃቸው?»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ስሚ አበልጄ። እሷ መንግሥት አላት። ቢሮ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ሁሉም ያለቅስላታል። ለኔ ማን አለ? ይኼ ዘመን ሁለተኛ አይመጣም። አንቺ ባልሽ ካምፕ ነው፣ ዶላር ይልክልሻል። እኔ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማረጀው። ባለችኝ አንድ ቤት ልጠቀም ማለት ኃጢአት ነው?»

«ለቅሶ ላይ?»

«ለቅሶውን አላመጣሁትም» አለ። «የሞተችውን እኔ አልገደልኳትም።»

እዚህ ላይ ጮኸችበት ብላችሁ ታስባላችሁ። አልጮህኩም። የከሰዓቱ ሺፍቴ ደርሶ ነበር፣ ሄጄ አውቶቡሴን ነዳሁ። አንድ ሁለት ፌርማታ ላይ ሳልቆም አልፌ ሰው ሰደበኝ።

ቀሪውን ላሳጥረው። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ ሪቪው ላይ አስቀመጠው። እኔና ጋሼ ወልዴ ሄደን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን አስረዳን፣ ከሻሸመኔ የቀብሩን ፎቶ አስልከን አሳየን። በመጨረሻ አመኑን። ድጎማው ይቀጥላል፣ ሪቪው ላይ እያለ የድሮው ሊዝ ጊዜው ስላለፈ ግን አዲሱን ሁለቱም ባለቤቶች ይፈርሙ አሉ። ግርማ አልፈርምም አለ። ሽማግሌ ላክንበት፤ ሽማግሌዎቹን ጋብዞ፣ አብልቶ፣ ሸኝቶ፣ አልፈርምም አለ። ለመሠረት ሌላ ላንድሎርድ እንድትፈልግ ጊዜ ሰጧት። በዚያ ዘመን ማን ይቀበላታል? ከሰንሪጅ እስከ ደቡቡ ጫፍ ያልደወለችበት የለም። ጊዜው አለቀ፣ ድጎማው ለወረፋተኛ ተሰጠ።

እኔ ቤት እንድትጠጋ ለመንኳት፣ እንቢ አለች። ብሩክስ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደች፣ ሥጋ ፋብሪካ። ዕቃዋን የጫንኩላት እኔ ነኝ። ትንሹ ልጅ በሩ ላይ የለጠፈውን ስሙን ሊልጠው ሲሞክር ተቀደደበትና አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።

«በኔ ምክንያት ነው፣ እኔ ነኝ ከሱ ቤት ያስገባሁሽ» አልኳት።

«ተዉ እትዬ ሰብለ። ቤቱስ ቤት ነው፣ ይገኛል» አለችኝ። «እናቴን ግን ሳላለቅሳት ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንባ አልመጣልኝም። ብሞክር ብሞክር ያቺ ሴትዮ በር ላይ የቆመች ይመስለኛል።»

ግርማ የሪግ ልጆቹን አስገባ። እኔ ድርሻዬን ሽጬለት ወጣሁ። ልጄ ብዙ ጊዜ «እማዬ፣ ክርስትና አባቴን ለምን አንጠይቅም?» ይለኝ ነበር፤ ሲያድግ ነገርኩት። እኔን ምን ለወጠኝ ካላችሁ፣ ደግ ሰው ፈራሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ወንበር የሚያቀብል፣ ውሃ የሚያዞር ሰው ሳይ ድሮ እመርቅ ነበር፣ አሁን ዓይኑን ነው የማየው። ይኼ ጥሩ ነገር አይደለም፣ ሰው እንዲህ ሆኖ መኖር የለበትም። ግን ሆንኩ። ግርማ የወሰደብኝን ስቆጥር ከቤቱ ይልቅ ይኼ ይበልጥብኛል።

ከዚያ ዘይቱ ቀዘቀዘ። ይቀዘቅዛል ያልነው እኛ ጥቂቶች እንኳን እንደዚያ ይወድቃል አላልንም። የሪግ ልጆቹ በየተራ ጠፉ፤ ግድግዳ ቦድሰው፣ ካርፔቱን አቃጥለው። ከተማው ሁሉ «ፎር ሬንት»፣ የሚከራይ ቤት፣ የሚል ታፔላ ተከለ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት።

«አበልጄ፣ እንደምን አለሽ? ያቺ… የሰብሲዲ መሥሪያ ቤት ጉዳይ፣ አሁን እንዴት ነው አሠራሩ? ቤቱ ባዶ ቆሞብኛል፣ ባንኩ አላስተኛኝም። የመንግሥት ክፍያ አስተማማኝ ነው፣ አንቺ ያኔ ብለሽኝ ነበር። መሠረትስ የት ናት? እንደሷ ያለ ተከራይ አይገኝም።»

ሳልመልስለት ዘጋሁት። ወዲያው ለመሠረት ደወልኩ፣ አብረን እንድንሰድበው። በየጊዜው እንደዋወል ነበር፤ ፋብሪካው ጣቶቿን አጣምሞታል፣ ልጆቿ ካልጋሪ ካልጋሪ ይላሉ፣ እንደገና ወረፋ ገብታ ስሟ በቅርቡ ወጥቶላት ነበር። ነገርኳት። «ይኼ የማያፍር» አልኩ። «ጭራሽ መሠረት የት ናት ይለኛል!»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«ቤቱ ባዶ ነው አሉኝ?» አለች።

«ምን?»

«ያው የድሮው ቤት ነው አይደል? ሦስቱም መኝታ? ሰብሲዲ እቀበላለሁ ነው ያለው?»

«መሠረት፣ ምን ነካሽ? ግርማ እኮ ነው! ከእናትሽ ለቅሶ ያስነሳሽ ሰው ነው!»

«አውቃለሁ» አለች፣ በዝግታ፣ ልጅ እንደምታባብል። «እትዬ ሰብለ፣ እኔ እኮ ቂም የማስቀምጥበት ቤት የለኝም። ቁጥሩን ይላኩልኝ።»

ላክሁላት።